ስለ «አንጓ» እና «አባል»፦ የኔትወርክ ስያሜዎች ሲመረመሩ

የቋንቋዎች አካዳሚ «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» የታተመው በ1989 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔት በአገራችን አገልግሎት መስጠት በጀመረበት ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ የገቡት የኔትወርክ ቃላት በአብዛኛው በየተርጓሚው ፈቃድ የተሰየሙ ናቸው። ከእነዚሁ ውስጥ ሰርቨርን «አገልጋይ»፣ ክላስተርን «ዘለላ»፣ ኖድን «መስቀለኛ መንገድ» የሚሉትን እንመረምራለን።

በልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ በጤና ጣቢያና በትምህርት ቤት የኔትወርኩን ፍጥነትና መቋረጥ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ተተከሉ እንበል። መዝገቡ በአብላጫ ድምፅ ወደሚሠሩ ሦስት ሰርቨሮች ይላካል። አንዱ ቢበላሽ ሁለቱ ሥራውን ይቀጥላሉ። ሁለቱ ከጠፉበት ግን የቀረው ብቻውን አዲስ መዝገብ አይቀበልም፤ ጓደኞቹ ይውደቁ ወይም መስመሩ ብቻ ይቋረጥ ለይቶ ማወቅ አይችልምና። ያለዚህ ሥርዓት እርስ በርሱ የሚጣረስ ሁለት መዝገብ ይፈጠር ነበር።

ይህን አሠራር «ዘለላ» አይገልጸውም፤ የወይን ፍሬዎች አብረው ይንጠለጠላሉ እንጂ ሥራ አይጋሩም። ለክላስተር እርሻ የተለመደው «ኩታ ገጠም» መጎራበትን ያስገድዳል፤ ሰርቨሮች ግን ተራርቀውም ይተባበራሉ። «ደቦ» ትብብሩን ቢገልጽም ሥራው ሲያልቅ ይበተናል። በእኛ አስተያየት የሚስማማው «ማኅበር» ነው፤ አንድ አባል ቢቀር ማኅበሩ አይፈርስም። ለውሳኔ የሚያስፈልገውን ቁጥርም የዕድር ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ምልዓተ ጉባኤ» በትክክል ይገልጸዋል።

«መስቀለኛ መንገድ» ደግሞ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን ያደባልቃል። በኔትወርክ ውስጥ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ «አንጓ»፣ በማኅበሩ ውስጥ የሚሠራው ሰርቨር ደግሞ «አባል» ቢባል ይሻላል። «አገልጋይ» ቄሱን፣ ዲያቆኑን ወይም ወንጌላዊውን ስለሚያስታውስ «ሰርቨር» እንዳለ ይቆይ እንላለን፤ «ስልክ»ም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ዛሬ ባዕድ የሚለው የለም።

ጉዳዩ የቃላት ውበት ብቻ አይደለም። አራት አባላት ላሉት ማኅበር ምልዓተ ጉባኤው ሦስት ነው፤ ስለዚህ እንደ ሦስቱ ማኅበር የአንድ አባል መጉደልን ብቻ ይችላል። ይህን በቋንቋው የተረዳ ባለሙያ ለአራተኛው ሰርቨር ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ያስብበታል። «የአገልጋይ ዘለላ» ብሎ የተማረ ግን ከስያሜው ይህን ሊረዳ አይችልም።