ሁለተኛው ስፌት

ፊኛው ከሆዱ ውጪ ተዘርግቶ የተወለደ ሕፃን ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይተርፋል ወይ?» ብለው ነው። ቀዶ ሐኪሙ «አዎ» ለማለት ብዙም አያመነታም። «ዶክተር፣ ሲያድግስ ሽንቱን ይቋጥራል?» ሲባል ግን ቆም ይላል። መልሱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱና ዋነኛው ልጁ ስንት ጊዜ እንደተሰፋ ነው።

ብላደር ኤክስትሮፊ የሚባለው ይህ የአፈጣጠር ችግር በግምት ከ30 ሺሕ እስከ 50 ሺሕ በሚደርሱ ወሊዶች አንድ ጊዜ ያጋጥማል፤ ወንዶች ላይ ይበዛል። ከእምብርት በታች ያለው የሆድ ግድግዳ ሳይገጥም ይቀራል። ቀዩ የፊኛ ውስጠኛ ገጽ ተጋልጦ ይታያል፤ ከኩላሊት የወረደው ሽንት ሳይጠራቀም ይፈሳል። ከፊት መገናኘት የነበረባቸው የዳሌ አጥንቶች ተራርቀዋል፤ ሽንት የሚያግዱት ጡንቻዎችም አብረዋቸው ግራና ቀኝ ሄደዋል። ክፍቱን ቦታ ሸፍኖ መስፋት ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

የባልቲሞሩ ሂዩ ሃምፕተን ያንግ እ.ኤ.አ. በ1942 ፊኛዋ ተዘግቶላት ሽንቷን ለ3 ሰዓት ያህል የቋጠረች አንዲት ልጅ ሕክምና ይፋ አደረገ። እዚያው ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ሮበርት ጄፍስና ከእሱ በኋላ ጆን ጊርሃርት ሥራውን በደረጃ ከፋፈሉት፤ ፊኛው በጨቅላነት ይዘጋል፣ የወንዱ ልጅ የሽንት መውጫ በመጀመሪያው ዓመት ገደማ ይሠራል፣ የፊኛው አንገት ደግሞ ልጁ 5 ዓመት አካባቢ ሲሆን ይጠብቃል። ለመጨረሻው ደረጃ ፊኛው ወደ 100 ሚሊ ሊትር መያዝ አለበት። የሲያትሉ ማይክል ሚቸል ከ1989 ጀምሮ ፊኛውንና የሽንት መውጫውን በአንድ ኦፕራሲዮን መሥራትን መረጠ። የሜልቦርኑ ጀስቲን ኬሊ ደግሞ ጡንቻዎቹን ከነነርቫቸውና ከነደም ሥራቸው ከአጥንቱ አላቅቆ ወደ መሃል የሚያመጣ ዘዴ ሠራ። የየዘዴው ደጋፊዎች ሲከራከሩ የሰማ ሰው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ሊመስለው ይችላል። በአንድ ነገር ግን አይለያዩም፤ የመጀመሪያው ስፌት መያዝ አለበት።

ሳይዝ ሲቀርስ?

ስፌት ያለምክንያት አይለቅም። ዳሌው ተራርቆ ሳለ ቆዳው በግድ ተጎትቶ ተገጥሞ ይሆናል። ሕፃኑ በቂ የሕመም ማስታገሻ ሳያገኝ እያለቀሰ ሲያምጥ፣ ሆዱ ሲነፋ ወይም ቁስሉ ሲያመረቅዝ ሊተረተር ይችላል። ሽንቱን ወደ ውጪ የሚያወጣው ቱቦ ተነቅሎ ወይም የአዲሱ ፊኛ መውጫ ጠቦ ከሆነም ግፊቱ ስፌቱን ከውስጥ ይከፍተዋል። ልምድ ያለው ቀዶ ሐኪም ዳግም ቢላ ከማንሳቱ በፊት የመጀመሪያው በምን ምክንያት እንደከሸፈ ይመረምራል፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ሁለተኛው ስፌትም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ወላጆች ቶሎ እንዲደገም መለመናቸው አያስደንቅም። ሐኪሙ ግን እብጠቱ እስኪጎድልና ጠባሳው እስኪላላ ድረስ 6 ወር ገደማ ያስጠብቃቸዋል። ከዚያ በኋላም የዳሌ አጥንት ተቆርጦ ካልተቀራረበ መድገሙ ብዙ ተስፋ የለውም። አጥንቱ እስኪገጥም ልጁ ከውጪ በሚታሰር ብረት፣ እግሮቹን በሚጎትት ክብደት ወይም በጄሶ ተይዞ ለሳምንታት ይተኛል። በዚህ ሁሉ መሃል ሐኪሙ እጅ ላይ ያለው ሥጋ የመጀመሪያው ቀን ሥጋ አይደለም፤ ተተርትሮ ዳግም የሚሰፋ ልብስ ጠርዙ እንደሚበላ ሁሉ ፊኛውም በየጊዜው ያንሳል፣ ይደድራል።

ሽንት የመቋጠር ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፊኛ የሚያድገው ሲሞላና መውጫው በመጠኑ ሲያግደው ነው። ለወራት ክፍት የቆየ፣ የቆሰለና ጠባሳ የበዛበት ፊኛ አያድግም። አንገቱን ለማጥበቅ የሚያስፈልገውን መጠን ካልደረሰ ደግሞ ለሦስተኛው ደረጃ አይታጭም። የጆንስ ሆፕኪንስ ቡድን ለአሥርት ዓመታት ባሳተማቸው ጥናቶች ይህን ደጋግሞ አሳይቷል፤ የከሸፉት ስፌቶች በበዙ ቁጥር ልጁ በተፈጥሮ መንገድ እየሸና ደረቅ የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል።

ያኔ ሌላ መንገድ ይመጣል። ፊኛው ከአንጀት በተወሰደ ቁራጭ መጠኑ እንዲጨምር ይደረጋል፤ ፈረንሳዊው ፖል ሚትሮፋኖፍ በ1980 ባሳየው መንገድም ትርፍ አንጀት ከፊኛው እስከ ሆድ ቆዳ ድረስ እንደ መተላለፊያ ይተከላል። ልጁ በየ3 ወይም 4 ሰዓቱ በዚያ ቀዳዳ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ሽንቱን ያወጣል። የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አለ፤ አንጀቱ ፊኛ ውስጥ ሆኖም ንፍጥ ማመንጨቱን አይተውም፣ ጠጠር ይፈጠራል፣ የደም አሲድ ይዛባል፣ ክትትሉም የዕድሜ ልክ ነው። ቢሆንም ዳይፐር ጥሎ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ተማሪን «ሕክምናው ከሽፎበታል» ማለት ነውር ነው። ችግሩ ያለው ሆስፒታሎች ውጤታቸውን በሚዘግቡበት መንገድ ላይ ነው። አንዱ ሆስፒታል በካቴተር ደረቅ የሆነውን ልጅ በራሱ ከሚሸናው ጋር አንድ ላይ ይቆጥራል፣ ሌላው ለይቶ ይጽፋል፤ ከዚያ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይነጻጸራሉ።

የመጀመሪያው ስፌት እንዲይዝ ልምድ ያለው እጅ ያስፈልገዋል። እንግሊዝ እነዚህን ሕፃናት በለንደንና በማንቸስተር ባሉ ሁለት ማዕከሎች ብቻ የምታሳክመው እንዲሁ አይደለም፤ በየሆስፒታሉ ቢበተኑ አንድ ሐኪም በሥራ ዘመኑ የሚያጋጥሙት ጥቂት ብቻ ይሆኑ ነበር። በሕንድ አህመዳባድ ሲቪል ሆስፒታል ደግሞ ከ2009 ጀምሮ የሕንድና የአሜሪካ ሐኪሞች በየዓመቱ ተገናኝተው አብረው ይሠራሉ። ከሚመጡላቸው ውስጥ ዕድሜያቸው ከፍ ያለና የቀድሞ ስፌታቸው የለቀቀ ልጆች አሉ።

እንዲህ ያለ ማዕከል በቅርብ በሌለበት፣ ለምሳሌ በኢትዮጵያ የገጠር ጤና ጣቢያ፣ አዋላጇ የምታደርገው ቀላልና ጠቃሚ ነገር አለ። እትብቱን በፕላስቲክ መቆንጠጫ ሳይሆን በክር እሰሪው፤ መቆንጠጫው ፊኛውን ይፍቀዋል። በንጹሕ ሳላይን አርጥቢው፣ በንጹሕ ስስ ፕላስቲክ ሸፍኚው፤ ደረቅ ጎዝ ይጣበቅበታልና አታድርጊበት። ከዚያ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ላኪው። ጥቂት ሳምንታት ቢያልፉም አጥንቱ ተቆርጦ ሊዘጋ ይችላል፤ ልምድ በሌለው እጅ በጥድፊያ ከሚሰፋ መዘግየቱ ይሻለዋል።