«እሸከም ነበር» እና «ለምጄው ነበር»፤ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ አተረጓጐም

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በጉለሌ ቁስቋም የሚኖሩ አንዲት እናት፣ በጉልምስናቸው ዘመን የባሕር ዛፍ ጭራሮ ከጫካው እየለቀሙ ወደ ከተማ ያወርዱ እንደ ነበር ለጠየቋቸው ሰዎች ሲያስረዱ፣ «ስንት ዘመን እሸከም ነበር፤ ልለምደው ግን አልቻልሁም» ብለዋል። የቃላቸው የእንግሊዝኛ ትርጉም እንዲመረመር ለዚህ ጸሐፊ ቀርቦ ነበር። ተርጓሚው የመጀመሪያውን ሐረግ «ሸክሙን ለምጄው ነበር» በሚያሰኝ አኳኋን አስቀምጦታል። ሁለተኛው ሐረግ ከዚህ ጋር ስለሚጋጭ ጭራሹን ቀርቷል። ስለዚህ እንግሊዝኛውን የሚያነብ ሰው የሚያገኛት በሸክሟ የተስማማች ሴት ናት።

የስሕተቱ ምንጭ በከፊል እንግሊዝኛው ራሱ ነው። «ዩስት ቱ» የሚለው ቃል (ብዙዎቻችን «ዩዝድ ቱ» እያልን እንጽፈዋለን፤ ነገር ግን በ«ዝ» ሲነገር «ተጠቀመበት» ማለት ነው) ሁለት አገልግሎት አለው። ንዑስ አንቀጽ ሲከተለው ቀድሞ ይደጋገም የነበረን፣ ዛሬ ግን የቀረን ድርጊት ያመለክታል። «ቢ» ወይም «ጌት» ሲቀድመው ደግሞ መልመድን ይገልጻል፤ ያን ጊዜ «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነ የሚከተለው ስም ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ ቃል ነው። ሁለቱም ከአንድ ግሥ የተወለዱ ናቸው። ግሡ ጥንት «ልማድ አለው» በሚል ፍች በአሁን ጊዜም ይነገር ነበር፤ ኋላ የአሁኑ ጠፍቶ ኃላፊው ብቻ ተረፈ።

በአማርኛ ግን ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። አንደኛው «ነበር» በሚባል ረዳት ግሥ የሚሠራ የጊዜ ቅርጽ ነው፤ ሁለተኛው «ለመደ» የሚባል ራሱን የቻለ ግሥ ነው። ለቃሉ አንድ አቻ ፍለጋ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ተርጓሚ «ለመደ»ን አግኝቶ በሁሉም ስፍራ ይሰካዋል። ዎልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእንግሊዝኛ - አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላትን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ማሳየቱ ለእንዲህ ያለው ችግር የተሻለው መንገድ ነው።

እርግጥ «ይሸከም ነበር» ፍጹም አቻ አይደለም። «ዋጋ ቢያገኝ ይሸከም ነበር» ስንል ያልተፈጸመ ነገር እንናገራለን፤ በዚህ ረገድ ልማድንም ሁኔታንም ከሚገልጸው ከእንግሊዝኛው «ዉድ» ጋር ይቀራረባል። ድርጊቱ መቅረቱንም ቅርጹ ብቻውን አያረጋግጥም፤ «ድሮ» ወይም «ቀድሞ» የምንጨምረው ለዚህ ነው። ስለ ኑባሬ ሲሆን «እዚህ ምንጭ ነበረ» ይበቃል። እንግሊዝኛውን ለመምሰል «ምንጭ ይኖር ነበር» ብሎ መጻፍ አንባቢውን «ምን ቢሆን ኖሮ?» ያሰኘዋል።

«ለመደ» ደግሞ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ሀብታም ነው። እዚያ በ«ቢ» እና በ«ጌት» የሚለየውን እኛ በግሡ እርባታ እንለየዋለን፤ «ለመደ»፣ «እየለመደ ነው»፣ «ለምዷል»። «የለመደ ሆነ» የሚሉ ትርጕሞች አላስፈላጊ ድካም ናቸው። ከዚህም በላይ «ለምዶታል» እና «ለምዶበታል» አንድ አይደሉም። ብርዱን የለመደ ሰው «ለምዶታል» ይባላል፤ ውሸት ያዘወተረው ግን «ለምዶበታል» ተብሎ ይነቀፋል። በአንዲት «በ» የሚገባውን ይህን ወቀሳ «ዩስት ቱ» አይሸከመውም፤ ተርጓሚው «መጥፎ ልማድ» የሚል ቃል ከውጭ ማምጣት ይኖርበታል። እርስ በርስ ሲሆን «ተላመዱ»፣ በሙያ ሲሆን «ተለማመደ»፣ ለእንስሳ ሲሆን «ለማዳ» እንላለን፤ እነዚህ እያንዳንዳቸው በእንግሊዝኛ ሌላ ሌላ ቃል ይሻሉ።

ወደ ቁስቋሟ እናት ቃል እንመለስ። የመጀመሪያው ሐረግ «ዩስት ቱ»ን ከንዑስ አንቀጽ ጋር፣ ሁለተኛው ደግሞ «ጌት ዩስት ቱ»ን ከአፍራሽ ቃል ጋር ቢይዝ ንግግራቸው ሳይጓደል ይተላለፍ ነበር። በእርግጥ አንዱ ቃል በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ምናልባት ተርጓሚው የሸሸው ይህን ድግግሞሽ ይሆናል። ድግግሞሹን ማስቀረት የግድ ቢሆን እንኳ፣ ለመጀመሪያው ሐረግ ሌላ አባባል ይፈለግለታል እንጂ የሚሠረዘው «ልለምደው አልቻልሁም» የሚለው አልነበረም።