«ቋንቋ በኢትዮጵያ» እና የባቢሌ መማሪያ ክፍል፦ በዩኒቨርሲቲ በሚሰጠው የሥነ ልሳን ትምህርት ላይ የቀረበ ሂስ

በኢትዮጵያ ሥነ ልሳንን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚያጠና ተማሪ ይዋል ይደር እንጂ ሊያገኘው የሚገባ አንድ ጥራዝ አለ። ይኸውም በቤንደር፣ በቦወን፣ በኩፐርና በፈርጉሰን አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1976 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው «ቋንቋ በኢትዮጵያ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በፎርድ ፋውንዴሽን ርዳታ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በዩጋንዳና በዛምቢያ ከተካሄደው የቋንቋ አጠቃቀምና የቋንቋ ትምህርት ጥናት አንዱ ክፍል ሲሆን፣ ለኢትዮጵያው ክፍል የመስክ ሥራ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1969 ነው። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፍም፣ ስለ አገሪቱ ቋንቋዎች በአጠቃላይ ለመናገር የሚነሣ ሁሉ ከዚህ ጥራዝ መጀመሩ የተለመደ ሆኗል።

አንድን የሙያ መጽሐፍ ከሙያው ሰዎች አንፃር ብቻ መመዘን በቂ አይደለም። በተለይ የትምህርት ዕቅድ አውጪና መምህር ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም መጽሐፉን አንብቦና በእርሱ መንፈስ ተምሮ የተመረቀ ሰው ወደ መማሪያ ክፍል ሲገባ የሚሰማውን ድምፅ ለመረዳት ምን ያህል ተዘጋጅቷል? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መፈተኛ ከባቢሌ የተሻለ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም።

ባቢሌ ከሐረር በስተ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በለውዟና በስሟ በሚጠራው የማዕድን ውኃ በአገሪቱ ሁሉ ትታወቃለች። ከቋንቋ አንፃር ግን ከለውዙም ከውኃውም የሚበልጥ ሀብት አላት። ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ገበያ፣ በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ይነገሩባታል፤ ዐረብኛ በቁርኣን ትምህርት፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ደግሞ በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት በኩል ይደርሷታል። ባቢሌ የተባለ ወረዳ በኦሮሚያ ክልልም በሶማሌ ክልልም ይገኛል። በመጀመሪያው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ፣ በሁለተኛው በሶማልኛ ይሰጣል። በ1997 ዓ.ም. በሁለቱ ክልሎች ወሰን በሚገኙ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ መካሄዱ፣ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በዚሁ ወሰን በተነሣው ግጭትም በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ መፈናቀሉ ይታወቃል። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሄደ ልጅ ከቀዬው ጋር የመማሪያ ቋንቋውንም ይለውጣል። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚነሣው ጉዳይ የምሁራን ጨዋታ ሳይሆን የሕፃናት ዕጣ ነው።

የመጽሐፉ ብርታት

በቅድሚያ ለመጽሐፉ የሚገባውን ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው። ጥራዙ በሦስት ክፍሎች የተደራጀ ሲሆን፣ አንደኛው ስለ ቋንቋዎቹ ጠባይ፣ ሁለተኛው ስለ አጠቃቀማቸው፣ ሦስተኛው ስለ ቋንቋ በትምህርት ይናገራል። ይህ አደረጃጀት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ቋንቋ በሰዋስው መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በገበያና በትምህርት ቤትም እንደሚገኝ ለተማሪው ያሳየዋልና።

በተለይ ኩፐርና ካርፔንተር ስለ ገበያ ቋንቋ ያደረጉት ጥናት ዛሬም አዲስ ሆኖ ይነበባል። ተመራማሪዎቹ በኢትዮጵያ ገበያዎች ሁሉ የሰፈነ አንድ የመገበያያ ቋንቋ እንደሌለ፣ ይልቁንም ገዥና ሻጭ አንዱ የሌላውን ቋንቋ እያወቀ እንደሚገበያይ አሳይተዋል። ለውዝ ለመግዛት ባቢሌ ገበያ የወጣ ሰው ይህንኑ በጆሮው ይሰማል። ብዙ ቋንቋ ማወቅ የተማረ ሰው መለያ ብቻ አለመሆኑን፣ ፊደል ያልቆጠረች ነጋዴም በየቀኑ የምትሠራበት ዕውቀት መሆኑን ያስተማረ ጥናት በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ የበለጠ ሊታወቅ ይገባው ነበር።

የመጽሐፉ ጉድለት

ሆኖም ጥራዙ ከባቢሌ አንፃር ሲመረመር ሦስት ጉድለቶች ይታዩበታል።

አንደኛው ከፈርጉሰን ታዋቂ ምዕራፍ የሚነሣ ነው። ፈርጉሰን «የኢትዮጵያ የቋንቋ አካባቢ» በሚል ርዕስ፣ የዘር ሐረጋቸው የተለያየ የአገሪቱ ቋንቋዎች በጉርብትና ብዛት የሚጋሯቸውን ጠባዮች ዘርዝሯል። ከእነዚህም መካከል እንደ ጥ፣ ጭ እና ቅ ያሉት፣ በጉሮሮ ታፍነው በፍንዳታ የሚወጡት ድምፆች ይገኙበታል። አማርኛም ኦሮምኛም እነዚህ ድምፆች አሏቸው። ሶማልኛ ግን የለውም፤ የሶማልኛው ቅ እንኳ እንደ ዐረብኛው ከላንቃ ጥግ የሚነገር ሌላ ድምፅ ነው። ፈርጉሰን ጠባዮቹ በሁሉም ቋንቋዎች እኩል ይገኛሉ አላለም፤ በመሆኑም ስሕተቱ የምዕራፉ ሳይሆን ዝርዝሩን እንደ ጸሎት ለፈተና የሚያስጠና መምህር ነው። ይሁንና መጽሐፉ የአካባቢውን መሐል ሲያጎላ ጠርዙን ያደበዝዛል። የባቢሌ መምህር የሚሠራው ደግሞ በጠርዙ ላይ ነው። ሶማልኛ ተናጋሪው ልጅ «ጥ» ማለት ሲያቅተው ስንፍና ይመስለዋል፤ ምክንያቱን ያስተማረው የለምና።

የዚህ ተቃራኒም አለ። አማርኛ አስተማሪ ሐ እና ዐ የተባሉትን ፊደላት ከሀ እና ከአ ሳይለይ ያነባቸዋል፤ ብዙዎችም ትርፍ ፊደላት ይሏቸዋል። እነዚህ ድምፆች በሶማልኛ ሕያው ናቸው። በግዕዝ ነበሩ የሚባሉትን ድምፆች ለመስማት ጥንታዊ ብራና መግለጥ አያስፈልግም፤ ሶማልኛ የሚናገሩ ልጆች ከሚጫወቱበት አጠገብ መቆም ይበቃል።

ሁለተኛው ጉድለት ዘመኑ ያመጣው ነው። ጥናቱ በተካሄደበት ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበርና፣ ስለ ትምህርት የሚናገረው ክፍል በአመዛኙ በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ያተኩራል። በኋላ የመጣው ለውጥ ሰፊ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ኦሮምኛና ሶማልኛ በኢትዮጵያ ፊደል ተጽፈዋል። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ የላቲንን ፊደል «ቁቤ» በሚል ስም ተቀበለ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ። የሶማሌ ክልልም ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1972 የመረጠችውን የላቲን አጻጻፍ ለትምህርት አዋለ።

በዚህ ምክንያት በባቢሌ ከዚህ ቀደም ያልነበረ ችግር ተፈጠረ። ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ፊደል ቢጠቀሙም ለፊደሉ የሰጡት ድምፅ አንድ አይደለም። «ኤክስ» የተባለው ፊደል በቁቤ ጥ ሲሆን በሶማልኛ ሐ ነው። «ሲ» በቁቤ ጭ፣ በሶማልኛ ዐ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ለእነዚሁ ፊደላት ሦስተኛ ንባብ ይሰጣቸዋል። በመሆኑም በቁቤ ማንበብ የለመደ ልጅ የሶማልኛውን «ሰዴሕ» (ሦስት) «ሰዴጥ»፣ «ዓኖ» (ወተት) የተባለውንም «ጫኖ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። በሶማልኛ የጀመረውም የኦሮምኛውን «ጢቃ» (ትንሽ) «ሒቃ» ይለዋል። ልጁ አልተሳሳተም፤ የተማረውን ሕግ በታማኝነት ሥራ ላይ አዋለ እንጂ። ይህን ሳያውቅ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርም መምህር የልጁን ዕውቀት እንደ ድንቁርና ይቆጥርበታል።

ሦስተኛው ጉድለት የሁሉም አጻጻፎች ነው፤ ጥናቱም ለመምህራን ግልጽ ሊያደርገው ይገባ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ከአገባቡ ካልሆነ አይለይም። ኦሮምኛና ሶማልኛ አምስት አጫጭርና አምስት ረዣዥም አናባቢዎች አሏቸውና ሰባቱ የፊደል ሆሄያት አይበቋቸውም። የላቲኑ አጻጻፍ ፊደልን በመደጋገም ሁለቱንም ችግሮች ያቃልላል። እርሱም ቢሆን ግን የሶማልኛን የድምፅ ከፍታ አይጽፍም። «ኢነን» ሲባል የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ከፍ ካለ «ወንድ ልጅ»፣ የመጨረሻው ከፍ ካለ «ሴት ልጅ» ይሆናል፤ በጽሕፈት ግን አንድ ነው። የትኛውም ፊደል የሚያተርፈውና የሚያጎድለው አለው። ትርፍና ኪሳራውን በቅን ሚዛን ለመመዘን የሚያስችለው ሙያ ሥነ ልሳን ሆኖ ሳለ፣ የፊደል ጉዳይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሚዛኑን የሚይዘው ሌላ ነው።

ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲ

ከዚህ በላይ የተጠቀሱት ጉዳዮች ለባለሙያ ምሥጢር አይደሉም። ጆናታን ኦወንስ እ.ኤ.አ. በ1985 የሐረር ኦሮምኛን ሰዋስው አሳትሟል፤ በሌላው አካባቢ ክ ተብሎ የሚነገረው በሐረር ኦሮምኛ ወደ ኽ መሳሳቱም በጥናት የታወቀ ነው። አንድርዜየቭስኪ ከሙሴ ሐጂ ኢስማኢል ገላል ጋር በመተባበር የሶማልኛን ቋንቋና ሥነ ቃል ለረጅም ጊዜ መርምሯል። ሼክ በክሪ ሰጰሎ በሐረርጌ የፈለሰፉትን የኦሮምኛ ፊደልም ሄይዋርድና መሐመድ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ1981 በለንደን በሚታተም መጽሔት ላይ አስተዋውቀውታል። ያለ ዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የቋንቋቸውን ድምፆች ለይተው ለእያንዳንዱ ምልክት ያበጁ እኒህ ሊቅ ለሥነ ልሳን ተማሪ ከማንኛውም የውጭ አገር ምሳሌ የሚቀርቡ ናቸው። ይሁንና እነዚህ ሥራዎች በእንግሊዝኛ ተጽፈው ባሕር ማዶ የታተሙ ስለሆኑ፣ ከባቢሌ መምህር እጅ የሚደርሱበት መንገድ ጠባብ ነው።

የሙያውን ዕውቀት በአገር ቋንቋ ማቅረብ እንደማይቻል የሚያስቡ ካሉ የባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» (1987 ዓ.ም.) መልስ ይሆናቸዋል። መጽሐፉ ዘመናዊውን የሥነ ልሳን ትንተና በአማርኛ ስም እየሰጠ፣ ከድምፅ እስከ ዐረፍተ ነገር ላለው ሁሉ አስፍኖታል። በኦሮምኛና በሶማልኛም፣ በተለይም ሁለቱን ጎን ለጎን እያስተያየ ለመምህር የሚሆን ተመሳሳይ ሥራ ያስፈልጋል።

እርግጥ ነው፣ ሥነ ልሳን ሳይንስ እንደ መሆኑ የፊደል ማስተማሪያ ዘዴ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ዩኒቨርሲቲውም የመምህራን ማሠልጠኛ ብቻ አይደለም የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። ይህ አባባል እውነትነት አለው። ነገር ግን በባቢሌ የሚታየው የድምፅና የፊደል ግንኙነት፣ የዘር ዝምድናና የጉርብትና ተጽዕኖ የሳይንሱ ዋና ጥያቄዎች ናቸው። የሶማልኛውን «ዓኖ» ከኦሮምኛው «ኣነን» ጋር ያስተያየ ተማሪ፣ ሁለቱ ወተትን ከአንድ ሥር እንደ ጠሩት፣ ኦሮምኛ ግን ዐን እንደ ጣለ ይረዳል። ይህ የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ነው፤ ለመምህሩም የንባብ ትምህርት መሣሪያ ነው። ሁለቱ ጥቅሞች አይጣሉም።

ምን ይደረግ?

የኦሮምኛና የሶማልኛ ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢጻፉ ለልጆች ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። «ለመ» እና «ለበ»፣ «አፉር» እና «አፈር»፣ «ሸን» እና «ሸን»፣ «ሰገል» እና «ሰጋል» መሆናቸውን ያየ ልጅ ጎረቤቱ ባዕድ ቋንቋ እንደማይናገር ይገነዘባል። አንዱ ለቋንቋ «አፋን» ሌላው «አፍ» ማለቱም ሁለቱ ኩሻዊ ዘመዳሞች መሆናቸውን ያስረዳል፤ አማርኛ ተናጋሪውም ከአፉ የሚያወጣው ቃል ከዚህ እንደማይርቅ ያስተውላል። ከቁጥሮቹ ቀጥሎ ድምፃቸው የሚለያይ ፊደላት በአንድ ሰሌዳ ላይ ተዘርዝረው በክፍሉ ግድግዳ ቢለጠፉ ወጪው አንድ ወረቀት ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች ሁለት ነገሮች ይቀርባሉ። በሁለት ቋንቋዎች ወሰን ላይ ለሚመደቡ መምህራን የሁለቱም ድምፆችና አጻጻፍ ንጽጽር በሥልጠናቸው ውስጥ ሊካተት ይገባል። እንደዚሁም የሥነ ልሳን ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚያቀርቡት ጥናት ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ከመቅረቱ በፊት፣ የተጠናው ቋንቋ በሚነገርበት አካባቢ ለሚያስተምሩ መምህራን በሚገባቸው ቋንቋ በጥቂት ገጾች ተጠቃሎ ቢላክ ብዙ ድካም ከንቱ ሆኖ አይቀርም። በምሥራቅ የሚገኙት የሐሮማያና የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ ቅርብ ናቸው፤ አንዱ ከባቢሌ በስተ ምዕራብ፣ ሌላው በስተ ምሥራቅ፣ በአንድ መንገድ ላይ ናቸውና።

«ቋንቋ በኢትዮጵያ» በዘመኑ የአገሪቱን ቋንቋዎች ካርታ አንሥቷል። ካርታ ያነሣ ሰው በየመንደሩ ያለውን ጉድባና መሻገሪያ ሁሉ አላሳየም ተብሎ አይወቀስም። ወቀሳው በኋላ መጥተው በካርታው ላይ ብቻ ጣታቸውን እያሄዱ መንገዱን በእግራቸው ያልሄዱትን ይነካል። በባቢሌ «ኤክስ»ን በሁለት ድምፅ ለማንበብ የሚታገለው ልጅ መሻገሪያውን የሚያሳየው መምህር ይፈልጋል፤ ያንን መምህር የማዘጋጀቱ ኀላፊነትም ሥነ ልሳንን ከሚያስተምረው ክፍል ይጀምራል።