እውነት የበዛባቸው ፊቶች

እናላችሁ… እ.ኤ.አ. በ1794 ኤዶ ውስጥ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ሻራኩ የሚባል ሰዓሊ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ አለ። ያኔ የካቡኪ ተዋናይ ማለት ሕዝብ የሚያብድለት ሰው ነው፤ ቴአትሩን ያየውም ያላየውም ምስሉን ይገዛል። ሰዓሊው ይነድፋል፣ ቀራጩ እንጨቱን ይፈለፍላል፣ አታሚው ቀለሙን አንድ በአንድ ያሳርፋል፣ ወጪውን አሳታሚው ይችላል። የሻራኩ አሳታሚ ፁታያ ጁዛቡሮ በ1791 ባሳተማቸው መጻሕፍት የተነሳ ግማሽ ሀብቱን እንደተወረሰ ይነገራል። ይሄው ሰውዬ ነው እንግዲህ፣ ስም የሌለውን ሰዓሊ 28 ትልልቅ የፊት ምስሎች በሚያብረቀርቅ ጥቁር መደብ አሳትሞ ገበያ ያወጣለት። ድፍረት ነው መቼም!

እስቲ የሦስተኛውን ኦታኒ ኦኒጂ ምስል እንየው። ኤዶቤይ የሚባል፣ ገንዘብ ሊዘርፍ የመጣ ወሮበላ ሆኖ ነው የሚጫወተው። አንገቱን አስግጎ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ጣቶቹን ከልብሱ መሃል ዘርግቷቸዋል። እጆቹ ትንንሽ ናቸው፤ ከትከሻው ጋር በምን እንደተገናኙም አይገባም። የሥዕል አስተማሪ በቀይ ያሰምርበት ነበር። ግን እጆቹን በሐሳባችሁ አስተካክሏቸውና እዩት… ዘራፊው ይጠፋል።

ሴቶች በ1629 ከመድረክ ስለታገዱ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሌሎቹ ሰዓሊዎች ቆንጆ ሴት አድርገው ይስሏቸዋል። ሻራኩ ግን የሴቷን ኪሞኖም የወንዱን መንጋጋም ነው የሳለው። በሁለተኛው ሴጋዋ ቶሚሳቡሮ ምስል ላይ ሴትዮዋም አለች፣ ሴትዮዋን ለመሆን የሚደክመው ጎልማሳም አለ። አንዳንዶች ሹፈት ነው ይሉታል። እኔ አይመስለኝም። ሹፈት አንዱን አጋንኖ ሌላውን ይጥላል፤ እዚህ ሁለቱም አሉ። ከመድረኩ አጠገብ የተቀመጠ ተመልካች የሚያየውም ይሄንኑ ነው።

ገዢው ግን የሚወደውን ሰው አምሮ ማየት ፈለገ። ምን ይፈረድበታል! ጸሐፊው ኦታ ናንፖ፣ ሻራኩ እውነቱን ከልክ በላይ ለመሳል በመሞከሩ ብዙ እንዳልቆየ ጽፏል። በዚያው ዓመት ኡታጋዋ ቶዮኩኒ ተዋንያኑን ዘንጠው እንደቆሙ ይስል ነበር፤ ለዓመታትም ገበያ አላጣም። እጁ የተባ ነው፣ አይናቅም።

የሚያሳዝነኝ ሻራኩ ራሱ መለወጡ ነው። ኋላ ላይ ወረቀቱ አነሰ፣ ፊቶቹ ለዘቡ፣ ከጀርባ ዛፍ ምናምን ገባ። የመጨረሻዎቹማ የሱ አይመስሉም። አሥር ወር ገደማ ሠርቶ፣ ከ140 በላይ ምስሎች ትቶ፣ በ1795 መጀመሪያ ላይ ደብዛው ጠፋ። ዛሬ ብዙ አጥኚዎች ሳይቶ ጁሮቤይ የሚባል የኖ ቴአትር ተዋናይ ነበር ይላሉ። እውነት ከሆነ፣ ያን ሁሉ ፊት የሳለው የመድረክን ላብ የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው።