ሦስት ጉልቻ

ብራንድ ኒው ሄቪስ የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ የሚያነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ድምፃዊቷ ስለ ኤንዴያ ዴቨንፖርት ነው። አይፈረድበትም፤ ድምፅዋ ያስረሳል። የእኔ ጆሮ ግን ወደ ኋላ ይሄዳል። ድራም ላይ ጃን ኪንኬድ፣ ቤዝ ላይ አንድሩ ሌቪ፣ ጊታር ላይ ሳይመን ባርቶሎሚው። ከምዕራብ ለንደን፣ ከኢሊንግ የተነሱ ጓደኛሞች ናቸው፤ ባንዱን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው።

ያኔ የለንደን ዲጄዎች የ1970ዎቹን የአሜሪካ ፋንክ ሸክላ እያደኑ በየክለቡ ያጫውቱ ነበር። ያንን ድምፅ የወደደ ሌላው ወጣት ከሸክላው ቆርጦ በማሽን ይደጋግመዋል። እነዚህ በእጃቸው ሊጫወቱት ተነሱ። ከባዱም ይኸው ነው፤ ማሽን አንድን ሐረግ መቶ ጊዜ ቢደግም አይሰለቸውም፣ «ትንሽ ጌጥ ልጨምርበት» አይልም። ሙዚቀኛ ግን ይላል፣ በተለይ ጎበዝ ከሆነ።

በ1991 በአሜሪካ ተወዳጅ ያደረጋቸውን «ኔቨር ስቶፕ»ን ዘፋኟን ትታችሁ አድምጡት። ባርቶሎሚው ክሩን መትቶ ወዲያው በግራ እጁ ያፍነዋል፤ ከዜማ ይልቅ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ምት ይወጣል፣ ጊታሩ ራሱ ከበሮ ይሆናል። ሌቪ የሚተወው ባዶ ቦታ የሚጫወተውን ያህል ይቆጠራል። ኪንኬድ ደግሞ በዋናዎቹ የስኔር ምቶች መሃል፣ ልብ ላላለ የማይሰሙ ለስላሳ ምቶች ጣል ጣል ያደርጋል። ሰው ሳያውቀው ወገቡ የሚንቀሳቀሰው በእነሱ ይመስለኛል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እዚህ የተለዋወጠው ድስቱ ነው። ዴቨንፖርት «ብራዘር ሲስተር» ከተሰኘው የ1994 አልበም በኋላ ስትለይ፣ ለማይክል ጃክሰን «ማን ኢን ዘ ሚረር»ን ከጻፉት አንዷ ሳይዳ ጋሬት ገባች፤ ከእሷም በኋላ ካርሊን አንደርሰን። ጋሬት የዘፈነችበት የ1997ቱ «ሼልተር» ለእኔ ከሚገባው በላይ ተወልውሏል። ቢሆንም ከሥር ያለው ምት ከቦታው አልተነቃነቀም። ኪንኬድ ራሱ የለቀቀው በ2010ዎቹ አጋማሽ ነው።

የእጃቸው ልክ የሚታየው ግን በ1992ቱ «ሄቪ ራይም ኤክስፒሪየንስ» ነው። 10 ዘፈን፣ በእያንዳንዱ ላይ ሌላ ራፐር ወይም የራፕ ቡድን፦ ጋንግ ስታር፣ ሜይን ሶርስ፣ ኩል ጂ ራፕ፣ ገና የመጀመሪያ አልበሙን ያላወጣው ፋርሳይድ ሳይቀር። እነዚህ ከሸክላ በተቆረጠ ድግግሞሽ ላይ መናገር የለመዱ ሰዎች ናቸው፤ ባንዱም ያንኑ ጽናት በሕይወት ባለ እጅ ማቅረብ ነበረበት። ሶሎ ልጫወት ያለ የለም። ራፐሩ ቃሉን ሲያጣድፍ ድራሙ አብሮት አይጣደፍም፤ እሱ ትንፋሽ ሲወስድ ብቻ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች አጭር ሐረግ ወርወር አድርገው ይመለሳሉ፣ ጊታሩም ክሩን እንዳፈነ ይቀጥላል።