ዋንጫውና የመርካቶ ጆሮ

አንዋር መስጊድን ተጠግተው ከተደረደሩት ሱቆች መካከል፣ ሽቶና ሚስዋክ፣ ኮፍያና መስገጃ ከሚሸጥባቸው ጎን፣ በካሴት ዘመን የድምፅ ገበያም ነበረ። አንዱ ሻጭ የወሎ መንዙማ ይለቃል፤ ከመስጊዱ ዙሪያ ራቅ ሲባል ደግሞ ሌላው የጉራጊኛውን ጭፈራ ያስጮኻል። መንገደኛው ይቆማል፣ ጆሮውን ይሰጣል፣ «የማነው?» ይላል። ሻጩ የካሴቱን ሽፋን ያሳየዋል። ፍርድ የሚሰጠው በዚያች ቅጽበት ነው። መንገደኛው ኪሱን ከዳበሰ ድምፃዊው አለፈ፤ መንገዱን ከቀጠለ ወደቀ። ይህ ዳኛ ወረቀትና እስክሪብቶ አልያዘም፤ ዕውቀቱንም ማንም አልመረመረለትም። ነገር ግን ድምፁን የሚሰጠው በራሱ ገንዘብ ነውና አይዋሽም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሙዚቃ ሽልማት ለማውጋት ነው። በጋዜጠኛ ብርሃኑ ድጋፌ አዘጋጅነት በሸገር ኤፍ.ኤም. 102.1 የታወቀው «ለዛ» የሬዲዮ ዝግጅት ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት የአድማጮች ሽልማት ይዞ ብቅ ሲል ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ደስታችንም ምክንያት ነበረው። የእኛ አገር ድምፃዊ በሕይወት ሳለ ጭብጨባ፣ ከሞተ በኋላ የሕይወት ታሪክ እንጂ፣ በየዓመቱ «ዘንድሮ ይህን ሠራህ» የሚለው ሰው አልነበረውም። ለዛ ይህን ልማድ አመጣ። ሮፍናን ኑሪ በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ምትን ከአገር ቤት ዜማ ጋር ያጋባበትን «ነጸብራቅ»ን ይዞ መጥቶ ሲሸለም፣ አድማጭ የለመደውን ብቻ ነው የሚመርጠው ብለን የምንከራከር ሰዎች አፋችንን ይዘናል። እኔም ከያዙት አንዱ ነኝ።

ይሁንና አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ ይላል። የአድማጭ ድምፅ የሚነግረን ማን እንደተሰማ ነው። ያልተሰማን ማን ይመርጣል? ሬዲዮው ያላጫወተው፣ በታክሲ ያልተከፈተ፣ በሠርግ ቤት ያልደረሰ ሥራ ለውድድሩ ሳይደርስ ይቀራል፤ መሸነፉን እንኳ አያውቅም። «የአድማጮች ምርጫ» የሚለው ስም ሐቀኛ ስም ነው፤ በዚህ አዘጋጆቹን አልወቅስም። ጥፋቱ የሚመጣው በማግሥቱ ነው። ዋንጫው ከመድረክ ወርዶ ፖስተር ላይ ሲወጣ «ተወዳጅ» የነበረው ቃል «ምርጥ» ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሐያሲም፣ ጋዜጠኛም፣ ኮንሰርት አዘጋጅም በዚያው ቃል ይምላል።

የመርካቶውን ልጅ የማሕሙድ አሕመድን ነገር እንመልከት። መርካቶ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ጫማ ጠርጎ፣ በአሪዞና ክለብ ተላላኪነት ሠርቶ፣ ከዚያም የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራን ድምፅ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። «ኧረ መላ መላ» የተባለው አልበሙ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር ተቀርጾ፣ ዓሊ ታንጎ እየተባለ በሚጠራው በዓሊ አብደላ ካይፋ አሳታሚነት በሸክላ ወጣ። ንጉሡ ከወረዱ ገና አንድ ዓመቱ ነው። የምሽት ክለቡ በሰዓት እላፊ ተይዟል፤ ጊዜው የመዝሙርና የሰልፍ ነው። ያንን ሸክላ ዛሬ ስናደምጠው ሳክስፎኖቹ አንዲት ሐረግ ደጋግመው ሲያሽከረክሯት፣ ማሕሙድ በላይዋ ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ፣ ሐረጓን ለቀቅ አድርጎ እንደገና ሲይዛት፣ ዘፋኝና ባንድ እንዲህ የሚተማመኑበት ቀረጻ ስንት አለን ያሰኛል። በዚያ ዓመት ሽልማት ቢኖር ኖሮ ለማን ይሰጥ ነበር? እንጃ። ሸክላውን ግን ሰው ገዛው፤ ዘፈኑም ከቤት ቤት ዞረ።

የውጭው ዓለም ዘግይቶ ነው የደረሰው። ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጅግ አሳታሚ በ1986 እ.ኤ.አ. አልበሙን በአውሮፓ አወጣው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮጲክስ» ተከታታይ ሰባተኛ ቅጽ ሆኖም ተመልሶ ታተመ። ማሕሙድ የቢ.ቢ.ሲ. ራዲዮ 3ን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት በአፍሪካ ዘርፍ የተቀበለው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከሸክላው እስከ ሽልማቱ 32 ዓመት ማለት ነው። ለንደን በ32 ዓመት የደረሰችበትን ፍርድ መርካቶ በዚያው ወቅት ሰጥታው ነበር።

እንዲህ ስል መርካቶን ማሞገሴ ብቻ እንዳይመስል። ገበያው ጆሮ ነበረው፤ ሚዛኑ ግን ጎደሎ ነበር። ለረጅም ዘመን ድምፃዊው ሥራውን ባንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ ይሄዳል፤ ካሴቱ ሺህ ይሸጥ መቶ ሺህ ለእርሱ ልዩነት የለውም። የግጥሙና የዜማው ደራሲ ደግሞ ከዚያችው ክፍያ ላይ ተቆርሶ የሚደርሰውን ይቀበላል። በኋላም አባዢው መጣና አሳታሚውንም ራሱን ባዶ እጁን አስቀረው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስንቱ ዜማ ባለቤቱን ጦም አሳድሮ እንዳለፈ ቤቱ ይቁጠረው። አዋጁም ከወጣ በኋላ ቢሆን ወረቀቱ ከሱቁ ለመድረስ ረጅም መንገድ ነበረበት።

ሆኖም የካሴቱ ሽፋን አንድ በጎ ነገር ነበረው። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ይላል። መርካቶ ውስጥ ሽፋን እያነበበ «ይህ የአበበ መለሰ ዜማ ነው»፣ «ግጥሙ የይልማ ገብረአብ ነው» ብሎ የሚገዛ ሰው ነበር። ድምፃዊውን ሳይሰማ በደራሲው ስም የሚገዛ! ዛሬ ሙዚቃው በስልክ ሲመጣ ያ ሽፋን ብዙውን ጊዜ አብሮት አይመጣም። የሽልማት መድረክ ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችል ነበር። ነገር ግን በየዓመቱ ከዝግጅቱ ማግሥት ሰው አፍ ላይ የሚቀረው የነጠላ ዜማው፣ የአልበሙ፣ የቪዲዮው ክሊፕና የአዲሱ ድምፃዊ ዋንጫ ነው፤ በአራቱም ፎቶግራፍ የሚነሳው የሚዘፍነው ሰው ነው። ኤልያስ መልካን አስቡት። የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» ጨምሮ የአንድ ትውልድ ድምፅ በእጁ ያለፈ አቀናባሪ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ሕይወቱ ከማለፉ ከጥቂት ወራት በፊት ከባልደረቦቹ ጋር «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሥራ አስጀምሮ ነበር። የደከመው ሙዚቀኛው ለየዘፈኑ እንዲከፈለው ነው። የስሙን ክብደት ባለሙያው ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ገጹን አይቶ የሚለየው አድማጭ ግን ጥቂት ነበር።

እንግዲያስ ፍርዱ ለባለሙያ ይሰጥ የሚል ይኖራል። እርሱም የራሱ ጣጣ አለው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊኬንድ የሚባለው፣ ዓመቱን ሙሉ ዓለምን ሲያስጨፍር ከቆየ በኋላ ለ2021ዱ ግራሚ ባንድም ዘርፍ ሳይታጭ ቀረ። እርሱም ምስጢራዊ ኮሚቴዎች እስካሉ ድረስ ሥራዬን ለግራሚ አላቀርብም አለ። ብዙ ሳይቆይ ግራሚ እነዚያን ኮሚቴዎች አፈረሰ። ባለሙያ ዳኛ ከአድማጭ ድምፅ የሚሻለው ምክንያቱን ገልጦ ሲናገር ነው፤ በር ዘግቶ ሲፈርድማ ባለሙያነቱም ያው አልጠቀመ። በሌላ በኩል ቤቲ ጂ በ2018 እ.ኤ.አ. በ«ወገግታ» የአፍሪማን የዓመቱ አልበም ሽልማት ከአክራ ይዛ ስትመለስ፣ አልበሙን ያን ጊዜ ገና መፈለግ የጀመረ ሰው አዲስ አበባ ላይ አልጠፋም። የሩቅ ዳኛ አንዳንዴ ለቅርብ ጆሮ ማስታወሻ ይሆናል።

ወደ አንዋር ልመለስ። የመሐመድ አወልን መንዙማ በካሴት ያልሰማ የሙስሊም ቤት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. በዚያ ሰፈር ማግኘት የሚቸግር ይመስለኛል። የዳናና የጫሌ ሼኾች ያወረሱት ግጥም በአማርኛ፣ በዐረብኛና በኦሮሚኛ እየተቀያየረ፣ ድቤ እየተመታ፣ መሪው ሲያወጣ ጀማው ሲቀበል፣ ያ ሁሉ በየትኛው የዓመቱ አልበም ዝርዝር ውስጥ ገባ? መንዙማ ቀይ ምንጣፍ ይርገጥ አልልም፤ ባለቤቶቹም አይፈልጉት ይሆናል፤ ዚክርና ዘፈን አንድ መድረክ ላይ ሲቀመጡ ቅር የሚለው ብዙ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ መዝሙርም እንደዚያው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አማርኛን እንዲህ በእስትንፋስና በምት የሚያዋቅር ጥበብ ከመቁጠሪያችን ውጭ ሆኖ ሳለ «የዓመቱ» ስንል የማንን ዓመት ነው የምንለው?

ማሕሙድ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ሚሊኒየም አዳራሽ ውስጥ የስንብት ኮንሰርቱን አቀረበ። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ «ኧረ መላ መላ» በሸክላ ሲወጣ ገና ያልተወለዱ ወጣቶች ጭምር ነበሩበት።