ጥቁር ድንጋይ መብሳት፦ የፑንታና የመሣሪያ ምርጫ

ፑንታ የሚመረጠው ድንጋዩ ከታወቀ በኋላ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ፣ የሚበሳው ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ የአገሩ ሰው ጥቁር ድንጋይ ይለዋል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የረጋ ላቫ ሲሆን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራም በላዩ የቆመ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። በላቫው ንጣፎች መካከል ቀይ አፈርና ቀዳዳማ ቀላል ድንጋይ ስለሚገኝ፣ አንድ ጉድጓድ ሲቆፈር እንኳ ጠባዩ ይለዋወጣል።

ሥራው በመዶሻ ይጀመራል። ሲመታ እንደ ደወል ጥርት ብሎ የሚጮኽ ድንጋይ ድፍን ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ተሰንጥቋል ወይም ፀሐይና ዝናብ በልቶታል።

የባዛልት ማዕድናት በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 6 አካባቢ ናቸው። ለእንጨትና ለብረት የተሠራ ፑንታ ከዚያ እምብዛም ስለማይበልጥ ወዲያው ግሎ ስለቱ ይሞታል። የተንግስተን ካርባይድ ጫፍ ያለው ግን 9 ያህል ይደርሳል። ካርባይድ በበኩሉ ተሰባሪ ነው፤ ሲግል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቢነከር ይሰነጠቃል።

ጥቁር ድንጋይን የሚሰብረው ምት ነው፤ ዙረት ለቀጣዩ ምት አዲስ ቦታ ይሰጣል። በእጅ ከሚበሱ ሠራተኞች አንዱ ብረቱን ይዞ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ጥቂት የሚያዞረው ለዚሁ ነው። ባለ ምት ተራ ድሪል የሚመታው በሁለት ጥርሳም ሳህኖች ፍትጊያ ስለሆነ ለባዛልት ይደክማል። በፒስተንና በታመቀ አየር የሚመታው መዶሻ ድሪል ተመራጭ ነው፤ ስንጥቅ ባለበት ድንጋይ ባለ አራት ስለት ጫፍ ቀዳዳውን ክብ ያደርጋል፣ አይነከስምም። ሰፊና ንጹሕ ቀዳዳ ሲፈለግ የአልማዝ ፑንታ በውኃ፣ ያለ ምት ይዞራል። በካባ ድንጋዩ በኮምፕሬሰር ተበስቶ በሽብልቅ ይፈለጣል። ለውኃ ጉድጓድ መዶሻው ራሱ ከፑንታው ጋር ወደ ታች ይወርዳል፤ የጫፉ የካርባይድ እንክብሎች ሲዶለዱሙ ተሞርደው ወደ ቅርጻቸው ይመለሳሉ።

ቀዳዳው በዝግታ ተጀምሮ፣ ፑንታው እየተሳበ ዱቄቱ ይወጣል። ዱቄቱ የሳንባ ጠንቅ ስለሆነ አፍንጫና አፍ መሸፈን የግድ ነው። የሚወጣው ሻካራ ፍርፋሪ እስከሆነ ድረስ ፑንታው እየሠራ ነው። እየላመ ከመጣ ግን ስለቱ አልቋል፤ ያኔ በጉልበት መግፋት መሣሪያውን ይጎዳል፣ የሚበጀው ፑንታውን መቀየር ነው።